ከጥቁሩ መርጃን የተረፈው

ባሕሩን ለገራልን፣ ከውስጡም ጌጥ እንድናወጣ ለፈቀደልን ጌታ ምስጋና ይገባው።

በቀይ ባሕር ዳር በነበረች አንዲት አሮጌ ከተማ ሼህ ጀውሃር የሚባሉ የሙስበሃ፣ የዚክር መቁጠሪያ፣ ሠሪ ይኖሩ ነበር። ታሪኩን የነገሩኝ ሰው የከተማዋን ስም አልጠቀሱም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቤቶቿ ከባሕር በተፈለጠ ነጭ ድንጋይ የተሠሩ፣ ጣሪያዎቻቸውም ሰው ወጥቶ የሚቀመጥባቸው ጠፍጣፋ እንደነበሩ ብቻ አውቃለሁ። ጣሪያው ለታሪኩ ያስፈልገናል።

ሼህ ጀውሃር ዓሊም አልነበሩም። ሚንበር ላይ ወጥተው አያውቁም። ሼህ ያላቸው ሕዝቡ ነው፤ ቃላቸው ስለማይታጠፍ። ሱቃቸው ከመስጊዱ ደጃፍ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። የሚሠሩትም ከጥቁር መርጃን ብቻ ነበር።

ስለዚህ መርጃን ጥቂት ልናገር። ጠባዩን ሳናውቅ ሼሁ የገጠማቸው ፈተና አይገባንም።

ጥቁር መርጃን ዛፍ ይመስላል እንጂ ዛፍ አይደለም። ግንድና ቅርንጫፍ አለው፤ ሥር ግን የለውም። በግርጌው አለት ላይ ተጣብቆ ይቆማል። የሚያድገው ጥልቁ ውስጥ፣ ብርሃን በሚደበዝዝበት፣ በአለት ጥላ ሥር ነው። ቅጠል ሊሆን በሚገባው ቦታ ጥቃቅን ፍጥረታት ሰፍረውበታል። እያንዳንዳቸው ስድስት ጣት አላቸው፤ ውሃው የሚያመጣላቸውን ሪዝቅ በዚያ ይቀበላሉ። ሱብሃነላህ፣ ያለ እግር የሚኖረውንም የሚመግብ ጌታ።

በሕይወት እያለ ጥቁር አይደለም። ነጣ ያለ፣ አንዳንዱም ዝገት የመሰለ ሥጋ ለብሷል። ጥቁሩ ውስጥ ያለው አጥንቱ ነው። አጥንቱም ቢሆን መጀመሪያ አያበራም። ዓይን በቅጡ የማይለያቸው እሾሆች ሞልተውበት እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። እሾሁ ታሽቶ ሲያልቅ ግን እንደ ጉድጓድ ውሃ ያበራል። ድንጋይ አይደለም፤ እጅ ላይ ይሞቃል፤ ቢያቃጥሉት እንደ ፀጉር ይሸታል። ሲቆርጡት ውስጡ እንደ እንጨት ቀለበት በቀለበት ነው። እድገቱም ዝግ ያለ ነው። አውራ ጣት የሚያክል ግንድ እስኪሆን የሰው ዕድሜ አይበቃውም ይላሉ።

አንድ ጠባይ ደግሞ አለው። ከባሕር ሲወጣ ቶሎ መድረቅ አይወድም። ሠሪዎቹ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያቆዩታል፤ እየቆየ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ካገኘው በቀለበቶቹ መካከል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። መጋዝ ሲነካው ነው የሚታወቀው።

በዚያች ከተማ ሻፊ የሚባል ወጣት ጠላቂ ነበር። ሩቅያ ከምትባል ሚስቱ ነጅማ የምትባል አንዲት ልጅ ወልዷል። ነጅማ ወሬ የሚጣፍጣት ልጅ ነበረች። አባቷ ስለ ባሕሩ ጥቁር ዛፍ ሲያወራ ትሰማለችና አሳየኝ እያለች ትነዘንዘው ነበር። አንድ ቀን ሻፊ ክንድ የሚያህል መርጃን አገኘ። እንደ ልማዱ ወደ ሼህ ጀውሃር ሱቅ አልወሰደውም። ለልጁ ብሎ ቤቱ ይዞት ገባ።

ልጅቱ ዞራ ዞራ አየችው።

«አባ፣ ይሄ ጥቁር አይደለም» አለች።

«ጥቁሩ ውስጥ ነው።»

«ማን ደበቀው?»

«አላህ።»

«ለምን?»

«እሱን ሼህ ጀውሃርን ትጠይቂያቸዋለሽ።»

«እንሂድና እንጠይቃቸው።»

«አሁን ተኝተዋል።»

«በቀን?» አለች። ሩቅያ ከጓዳ ሆና ሳቀች።

መርጃኑን ከውሃው ጋን አጠገብ፣ ቀዝቃዛው ጥግ ላይ አስደገፉት። ሥጋው ደርቆ ሲረግፍ ነጅማ ሥራ አገኘች። ጋኑ ሥር ቁጭ ብላ አንዲት ቦታ ብቻ ትመርጥና በአውራ ጣቷ ታሸዋለች። ሲሻክራት የእናቷን ሻሽ ጫፍ ታጥፍና በእሱ ታሻለች። ምን እየሠራሽ ነው ሲሏት «ድመቷን እያባበልኩ» ትላለች። ቀናት አለፉ። እሾሁ እያለቀ ሄደ። አንድ ቀን ጠዋት እናቷን በቀሚሷ ጎትታ አመጣቻት። በዚያች በምታሻት ቦታ ላይ፣ የልጅ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ብርሃን ወጥታለች።

«እማ፣ አገኘሁት» አለች።

ከዚያ ትኩሳት ወደ ከተማዋ ገባ። ብዙ ቤት አንኳኳ። ነጅማንም ወሰዳት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሻፊ ልጁን በገዛ እጁ ቀብር ውስጥ አስተኛት። ወደ ቤት ሲመለስ መርጃኑ ጋኑ አጠገብ እንደተደገፈ ነበር። ሩቅያ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ነበረች። ሻፊ መርጃኑን አንስቶ ወደ ግቢው ወጣና ጣሪያው ላይ ወረወረው። ማንም ያየው አልመሰለውም። ጊዜው በጋ ነበር። በዚያ አገር በበጋ ጣሪያው ስለሚግል በእግር አይረገጥም።

ከዚያ በኋላ ሻፊ ወደ ባሕሩ ተመለሰ፤ ከጠላቂዎቹ ሁሉ ረዝሞ ውሃ ውስጥ የሚቆየው እሱ ሆነ። ጓደኞቹ ፈሩለት። ሩቅያ ቤት ዋለች። ሰላቷን አልተወችም። ነገር ግን ሰግዳ እንደጨረሰች ከመስገጃዋ ትነሳለች። ድሮ ቁጭ ብላ አላህን እያወሳች ተስቢህ የምትቆጥር ሴት ነበረች። አሁን ትነሳና የታጠበ ዕቃ መልሳ ታጥባለች። ሻፊ አንድ ቀን ለምን እንደማትቀመጥ ጠየቃት።

«ባዶ እጄን ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም» አለችው። «እጄ እሷን ይፈልጋል።»

ሙቀቱ ሊያልፍ ሲል ሩቅያ ራሷ ጣሪያ ላይ ወጣች። መርጃኑን አውርዳ ባሏ ፊት አስቀመጠችው።

«ከዚህ ሙስበሃ ይሠራልኝ» አለች። «የምይዘው ነገር እንዲኖረኝ። ከዚህ ብቻ ግን።»

ሻፊ፣ መርጃኑ እንዴት እዚያ ወጣ ብላ ትጠይቀኛለች ብሎ ጠበቀ። አልጠየቀችም። እንዲደርቅ ያወጣሁት መስሏት ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሼህ ጀውሃር ወሰደው።

ሼሁ ጨርቁን ፈትተው መርጃኑን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት። ከመሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህችን ማን ወለወላት?»

ሻፊ ጨርቁን አንስቶ ማጠፍ ጀመረ።

«ገባኝ» አሉ ሼሁ። «ፀሐይ አግኝቶታል?»

«ትንሽ» አለ ሻፊ፣ ወደ በሩ እያየ። ከዚያ የሚስቱን ቃል ነገራቸው።

«ከዚህ ብቻ?»

«ከዚህ ብቻ ብላለች፣ ሼህ።»

«እንግዲያው ከዚህ ብቻ ይሆናል። ኢንሻአላህ። አማናህን ተቀብያለሁ።»

በማግስቱ መጋዛቸውን አነሡ። የመጀመሪያው ቁራጭ እጃቸው ላይ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው እንደ ሽንኩርት ንብርብሩ ተለያየ። ቅርንጫፎቹን ተዉና ወደ ግንዱ ገቡ፤ ግንዱም ከውጭ ጤነኛ ሆኖ ውስጡ ስንጥቅ ነበር። ሲቆርጡ፣ ሲያዝኑ፣ እንደገና ሲቆርጡ ዋሉ። ከዚያ ሁሉ መሰርሰሪያ የሚችል ቁራጭ የተገኘው ጥቂት ብቻ ነበር። አንድ ሙስበሃ በትንሹ ሠላሳ ሦስት ፍሬ ይፈልጋል። የተረፈው ሲሶውን እንኳ አልሞላም።

ጎረቤታቸው ሐጂ ሙርሰል የሽቶ ነጋዴ ነበሩ። አብሮ አደጋቸው ናቸውና ሳይቀልዱ አያልፉም። በሩ ላይ ቆመው ወለሉን የሞላውን ስብርባሪ አዩ።

«ጀውሃር፣ ዛሬ ሥራህ ሽንኩርት መላጥ ነው እንዴ? ዓይንህም ያነባል።»

«የሻፊ ልጅ መርጃን ነው» አሉ ሼሁ። ሁሉንም ነገሯቸው።

ሐጂ ሙርሰል ቀልዱን ተዉ። ገብተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ሣጥንህ ውስጥ ያለውስ? ያ ለራስህ ያስቀመጥከው?»

ሼህ ጀውሃር የሰው ሙስበሃ ሲሠሩ ኖረው የራሳቸው አልነበራቸውም። እርጅና ሲመጣ ግን ከአንድ ጥሩ ግንድ ፍሬዎች አውጥተው ሣጥን ውስጥ አኑረው ነበር፤ እጃቸው ሥራ ሲያቆም ሊይዙት።

«አለ» አሉ።

«ከእሱ ሙላላት። ያው ጥቁር ነው። ከያው ባሕር ነው። ለራስህም ሰደቃ ይሆንልሃል።»

«ከዚህ ብቻ ብያለሁ።»

«ሩቅያ ፍሬውን ይዛ ‘የማን ልጅ ነህ’ ብላ አትጠይቀውም።»

«እሷ አትጠይቅም። እኔ ግን እጠየቃለሁ።»

«ኧረ ተው ጀውሃር። ለእናት ማጽናኛ ነው። ይህ ውሸት አይባልም፣ ረህመት ነው።»

ነገሩ ለሼህ ጀውሃር ቀላል አልነበረም። አዛኝ ሰው ነበሩ። ሩቅያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሱቃቸው በር ስታልፍ ሰላም ትላቸው ነበር። ሣጥኑን ከፈቱ። የራሳቸውን ፍሬዎች አውጥተው ከተረፉት ጎን በሌላ ረድፍ ደረደሯቸው። በጣታቸው ዳሰሱ፤ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚህ ሥራ የኖሩት እሳቸው እንኳ ልዩነት አላገኙም። ፈተናው እዚህ ላይ ነበር። ከሳቸውና ከጌታቸው በቀር የሚያውቅ አይኖርም።

«ሙርሰል» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህቺ ሴት በየፍሬው ላይ የልጇን እጅ ስትፈልግ ትኖራለች። ልጇ ባልነካችው ነገር ላይ እንድትፈልግ ላድርጋት?»

ሐጂ ሙርሰል ተነሡ። «ካንተ ጋር የሚከራከር ሱቁን ይዝጋ» ብለው ወጡ። ጥቂት ቆይተው ጥሩ የሐር ክር ይዘው ተመለሱ። «ይሄ ከኔ ይሁን። ወይስ ክሩም ከመርጃኑ መሆን አለበት?»

«ክሩን እቀበላለሁ» አሉ ሼሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው።

ሐጂው ሲሄዱ ሼህ ጀውሃር የራሳቸውን ፍሬዎች ወደ ሣጥኑ መለሱ። ሁለት ረከዓ ሰገዱ። ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሻፊና ሩቅያ የመጡት ሥራው ባለቀ ዕለት፣ ማምሻውን የአስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ ነው። ሼሁ ቦታ ለቀቁላቸው። ሙስበሃውን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው ሩቅያ ፊት አስቀመጡት። ከአምባር ብዙ አይበልጥም ነበር።

ሻፊ ደነገጠ። «ሼህ፣ ይሄ ምንድነው? መርጃኑ ክንድ ያህል ነበር።»

«ነበር። ውስጡ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ጤነኛው ይህ ብቻ ነው።»

«እንዴት ይሰነጠቃል?»

ሼህ ጀውሃር መልሱን ያውቁታል። አልተናገሩትም። ሞረዳቸውን አንስተው በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ።

ሻፊ ዝምታው ገባው። እሱ ጠላቂ ነው፤ መርጃን ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ከልጅነቱ ያውቃል። ፊቱን ወደ ሚስቱ መለሰ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከቀብር ስመለስ ጣሪያ ላይ ወረወርኩት። ላደርቀው ብዬ አልነበረም። ላየው አልቻልኩም።»

«አውቃለሁ» አለች ሩቅያ። «ሲወድቅ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የምትወረውረው ነገር ያስፈልግህ ነበር።»

ሻፊ ልጁን ከቀበረ ጀምሮ አላለቀሰም ነበር። ያኔ አለቀሰ። ሼሁ ሞረዱን መጥረጋቸውን ቀጠሉ፤ ንጹሕ ነበር።

ሻፊ ሲረጋጋ ሼሁ ሣጥናቸውን ከፍተው ወደ ሩቅያ ገፋ አደረጉት። «ልጄ፣ እነዚህ ከሌላ ግንድ የወጡ ናቸው። ከፈለግሽ በእነዚህ እሞላልሻለሁ። ዓይንሽ አይለያቸውም፤ የኔም አልለያቸውም። ግን የሌላ መሆናቸውን ነግሬሽ ነው።»

ሩቅያ ሣጥኑን አየች። ከዚያ አጭሩን ሙስበሃ አንስታ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ማሳለፍ ጀመረች። ከራሱ ላይ፣ የማይቆጠረው፣ ኢማም የሚባለው ረጅሙ ፍሬ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የኢማሙ ሦስት ጎን በሞረድ ተስተካክሏል። አንዱን ጎን ሼሁ አልነኩትም። እንዳለ ትተውታል። እዚያ ላይ ያች ትንሿ ጥቁር ብርሃን አለች። ሩቅያ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። ጣቷ ለቦታው ሰፋ።

ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ጎደሎ ነው፣ አባቴ?»

«አጭር ነው እንጂ ጎደሎ አይደለም፣ ልጄ» አሉ ሼህ ጀውሃር። «ሲያልቅ በጣትሽ ቀጥይ።»

ሩቅያ ሣጥኑን በቀስታ መልሳ ገፋችላቸው። በዚያው ምሽት፣ ባሏ ኋላ እንደተናገረው፣ የመግሪብን ሰላት ሰግዳ ጨረሰች፤ ከመስገጃዋም አልተነሣችም።

ይህን ታሪክ የነገሩኝ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ልጄን በቀበርኩ ሰሞን ለተዕዚያ፣ ሊያጽናኑኝ፣ ቤቴ መጥተው። ብዙ ሰው መጥቶ ነበር። አላህ ይስጣቸው፣ ሁሉም ደግ ቃል ተናገሩ። አብዛኞቹ «በአጭሩ ተቀጨ» አሉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ቋንቋችን ያስተማረን ነው። አዛውንቱ ግን ይህን ታሪክ ነግረውኝ ዱዓ አድርገው ሄዱ።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። የገባኝን ያህል ልጻፍ። የሼሁ ሐቀኝነት ከባድ የሆነው ተቃራኒው ስስት ስላልነበረ ነው። ተቃራኒው እዝነት ነበር። ለሐዘንተኛ ስንል የምንሞላው ነገር ብዙ ነው፤ ቃል እንሞላለን፣ ተስፋ እንሞላለን፣ የሌላ ሰው ትዝታ እንሞላለን። ሼህ ጀውሃር ያልሆነውን አልጨመሩም። የሆነውንም አልሞረዱትም። ያች የልጅ ጣት ያረፈችበት ቦታ እንዳለች እንድትቀር ያደረጋት ይኸው ነው።

ቃላቸውንም ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ጎደሎ የሚባለው ሊሰጠው የሚገባው ያልተሰጠው ነው። አጭር የሚባለው ግን ልኩ ያ የሆነው ነው። አላህ ለእያንዳንዱ ነፍስ አጀሉን፣ የዕድሜውን ልክ፣ ለክቶ ይሰጣል፤ ሲለካም አያጓድልም። እኛ የልጅን ዕድሜ ከሽማግሌ ዕድሜ ጎን አስቀምጠን ጎደለ እንላለን። ጌታው ዘንድ ግን ሙሉ ሆኖ ተመልሷል። ይህን ማወቅ ልቅሶን አያስቀርም። ሻፊም ያለቀሰው እውነቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለ ጣትም ነብያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ያስተማሩን አለ። ጣቶች በቂያማ ቀን ይጠየቃሉ፣ ይናገራሉም። የትልቅ ሰው ጣት ብዙ የሚናገረው ይኖረዋል። የትንሽ ልጅ ጣት ግን ምን ይላል? «አገኘሁት» ይል ይሆናል። አላሁ አዕለም።

እኔ ሙስበሃ የለኝም። ከሰላት በኋላ በጣቴ ነው የምቆጥረው። አውራ ጣቴ ጋ ስደርስ ትንሽ እቆያለሁ።